ምስጋና አቅራቢ፦ ሱሎቻና

ጁን 8፣ ቅዳሜ

ሃያ ሦስት ሰው፣ አሥራ ስምንት ወንበር። አምስቱ የመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጠው ዝናቡ ጀርባቸውን ሲያርሰው ዋለ። ሻይ አለቀ። ተናጋሪው ዘገየ። እግሬ አብጧል፤ ነገ እጽፋለሁ።

ጁን 9፣ እሑድ

ትናንት ኔቪን የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከከተማው ዳር ባለ ኩባንያ ይሠራል፤ ሲናገር እጁን እንደ ትራፊክ ፖሊስ ያወናጭፋል። ክፉ ልጅ አይደለም። ከእናቱ ጋር እኩያ ነኝ፣ እሱ ግን ቼቺ ይለኛል፤ ታላቅ እህት መሆኔ ነው፤ ወንድ ብሆን ቼታ ይለኝ ነበር። ከምርጫው በኋላ የሻይ ብርጭቆ ስሰበስብ መጣና፣

«ቼቺ፣ እስከ ዛሬ ይሄን ስብሰባ ሲያዘጋጅ የነበረው ማን ነው? ሥራውን መረከብ አለብኝ» አለኝ።

የንባብ ቤቱ ቁልፍ እጄ ላይ ነበር። የጥሪው ወረቀት ብብቴ ውስጥ ነበር። የሻዩ ማንቆርቆሪያ እግሬ ሥር ነበር።

«ፕራሳናን ሰርን ጠይቅ» አልኩት።

ለምን እንዲህ አልኩ? ማኅበሩ ከተመሠረተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በየወሩ ሁለተኛ ቅዳሜ፣ መሥሪያ ቤት ሁሉ በሚዘጋበት ቀን፣ በከተማችን በአላፑዛ ያሉ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከንባብ ቤቱ ፎቅ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ስማችንም የሁለተኛው ቅዳሜ ማኅበር ነው። ፕራሳናን ሰር ኮሌጅ ያስተምራሉ፤ የመሠረቱት እሳቸው ናቸው፣ ይህን አልክድም። ጥሪውን የምጽፈው ግን እኔ ነኝ። ከንባብ ቤቱ ዘበኛ ከማታይ ቼታ ቁልፍ የምቀበለው እኔ ነኝ። ተናጋሪ ሲቀር ሌላ ተናጋሪ የማሳድደው፣ ሻይ የማፈላው፣ ወንበር የማጥፈው እኔ ነኝ። ይህን የምጽፈው ረስቼው አይደለም። አንድ ቦታ ተጽፎ ይገኝ ብዬ ነው።

ጁን 11፣ ማክሰኞ

ጠዋት ኩንጁሞን ቼታ ወደምሠራበት የፎቶ ኮፒ ሱቅ መጣ። ጃንጥላውን በር ላይ ሲያራግፍ የአንድ ጠበቃ ወረቀት ላይ ረጨበት፤ ጠበቃው ተቆጣ፣ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ። እንደ ልማዱ ከደብተር የተቀደደ ቅጠል ሰጠኝ፤ የሳምንቱ የጀልባ ሰዓት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጀልባ ላይ ገመድ ሲጥል ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ አሁንም በየቀኑ ይሳፈራል፣ የትኛው ጀልባ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ይጽፋል። እኔ ቅጠሉን አይቼ ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባዋለሁ። ሰው ከስልኩ የማቆሚያውን ስም ሲልክ፣ ቀጣዩ ጀልባ መቼ እንደሚደርስ መልስ ያገኛል።

«ሰሌዳው ላይ ያለውን አትመኚ፣ ሞሌ» አለ። ልጁ የሆንኩ ያህል ሞሌ ነው የሚለኝ። «የሰሌዳው ሰዓት የአለቆች ሰዓት ነው። ከቼምባካላም የሚነሣው የስምንት ከአርባው፣ እምቦጩ ቦዩን ከዘጋው ወዲህ ስምንት ከሃምሳ አምስት ሳይሆን ንቅንቅ አይልም።»

«እሺ፣ አስገባዋለሁ።»

ሊሄድ ካለ በኋላ ተመለሰ። «ሞሌ፣ እዚያ ውስጥ ስማችን አለ?»

«የማን ስም?»

«የኛ። ያንቺም፣ የኔም።»

«ስም ምን ያደርጋል፣ ቼታ? ተሳፋሪው የሚፈልገው ሰዓቱን ነው።»

«እሱስ እውነት ነው» ብሎ ሳቀ። «ገመድ የጣለውን ማን ይጠይቃል!»

ጠበቃው ሰዓቱን እያየ ነበር። ኩንጁሞን ቼታ ሁልጊዜ የሚመጣው ሰው በተሰለፈበት ሰዓት ነው።

ጁን 19፣ ረቡዕ

የፎቶ ኮፒ ማሽኑ ዛሬ ሠላሳ ገጽ አበላሸ። የሱቁ ባለቤት አጉረመረመ፤ እኔ ግን የተበላሸ ወረቀት አይቼ አላዝንም። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ከዚያ ቅርጫት ነው። የምህንድስና ተማሪዎች ማስታወሻቸውን ሊያባዙ ያመጣሉ፤ የጠቆረው፣ የተጣመመው፣ ግማሹ የጠፋው ገጽ ቅርጫት ይገባል፤ እኔ ቤት እወስደዋለሁ። ምዕራፍ ሦስትን አውቃለሁ። ምዕራፍ አራትን አላውቅም፤ ምዕራፍ አራት ተበላሽቶልኝ አያውቅም። የጎደለውን በራሴ ገመትኩ። ከስምንት ዓመት በኋላ አንድ ተማሪ ሙሉውን መጽሐፍ ሲያሳየኝ፣ አንድ ሁለት ቦታ ላይ የኔ ግምት ከመጽሐፉ ያጠረ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ይህ ደብተርም ከዚያው የመጣ ነው። ሥራው ያለቀ ወረቀት ሁሉ፣ የተበላሸ ኮፒ፣ የድሮ ጥሪ፣ ካስገባኋቸው በኋላ የኩንጁሞን ቼታ ቅጠሎች፣ ጀርባቸው ባዶ ከሆነ በመርፌ እሰፋቸዋለሁ። ወረቀት መጣል አልወድም።

ጁን 30፣ እሑድ

ፕራሳናን ሰር ቤት ተሰበሰብን። አሥራ ሁለተኛ ዓመታችን ኦገስት 24 በትልቁ አዳራሽ ይከበራል። ኔቪን ቀደም ሊያደርገው ነበር፤ የሰር ባለቤት ከማድ ቤት ሆነው «በካርኪዳካም ወር ማን በዓል ያከብራል! ዝናብና በሽታ እንጂ ምን አለው!» ብለው ጮኹ፣ ቀኑ ተገፋ። ከሴት ወገን ሐሳባቸው የተሰማ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ኮሚቴ አይደሉም።

ከዚያ የመርሐ ግብሩ ወረቀት። በእኛ ዘንድ አራት ሰው ከተሰበሰበ ወረቀት ይታተማል፤ እንኳን ደህና መጣችሁ የሚለው፣ የሚሰበስበው፣ የሚከፍተው፣ መልካም ምኞት የሚገልጹት፣ መጨረሻ ላይ የሚያመሰግነው፣ የሁሉም ስም በተራ። የምተይበው እኔ ስለሆንኩ ስሞቹን እየሰማሁ ጻፍኩ። እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ኔቪን። ዋና ንግግር፣ «የጀልባው ፕሮግራም እንዴት ተወለደ»፣ ፕራሳናን ሰር።

ምስጋናው ላይ ስንደርስ ኔቪን ቀና ሳይል «እሱማ የታወቀ ነው፣ የቼቺ ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ። ሳቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ጁላይ 2፣ ማክሰኞ

አለቀቀኝም። ምስጋና ማለት ይህ ነው፦ ሦስት ሰዓት ንግግር የሰማ ሰው፣ የመጨረሻው ተናጋሪ ሲጨርስ ይነሣል። እኔም የምነሣው ያን ጊዜ ነው። ከመቶ ሠላሳ ጊዜ በላይ አመስግኛለሁ፤ ሁሉንም ለሰው ጀርባና ለወንበር ጩኸት።

እህቴ ኦማና ካሳቫ እየላጠች ታዳምጠኝ ነበር። «አንቺ እኮ በር ነሽ» አለች። «በር ሲከፈት ሲጥ ይላል። ሰው ሲጥ ሲል ይወጣል እንጂ ቆሞ ያዳምጣል እንዴ?»

«ዝም በይ!»

«ይኸው! ለእነሱ የማትይውን ለኔ ትያለሽ።»

ልጻፈው እንግዲህ። የጀልባውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

በቀለም ሳየው ደነገጥኩ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ንባብ ቤቱ የነበረው አንድ ኮምፒውተር ነው፣ የሚከፈተው በፕራሳናን ሰር ስም። የይለፍ ቃሉን ሰጡኝና «ሌላ ስም ማውጣት ምን ያስፈልጋል፣ በዚሁ ሥሪ» አሉ። በዚያው ሰሞን ሊያስተምሩ ባንጋሎር ሄዱ፣ ለሁለት ዓመት። እኔ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሱቅ ወጥቼ ንባብ ቤቱ እስኪዘጋ ሠራሁ፣ ሁለት ዓመት። ማሽኑ እያንዳንዱን ለውጥ ማን መቼ እንዳደረገው ይመዘግባል። የኔን ሁሉ በእሳቸው ስም መዘገበው። እስከ ዛሬም የምገባው በዚያው ስም ነው። ያኔ ምንም አልመሰለኝም፤ በር ላይ ያገኙትን የሰው ነጠላ ጫማ አጥልቆ ጓሮ እንደ መውጣት ነበር።

ጁላይ 13፣ ቅዳሜ

ሃያ ሰባት ሰው። መብራት ሁለቴ ጠፋ። ኔቪን ግድግዳው ላይ ዝርዝር አሳየ፣ ማን ስንት እንደሠራ። ፕራሳናን 1,914። እኔ 3። አሁን አልጽፍም፤ ነገ።

ጁላይ 14፣ እሑድ

ኔቪን የሠራው ነገር የለውጦቹን መዝገብ አንብቦ ስሞቹን እንደ ሥራቸው ብዛት ይደረድራል። በአዳራሹ መግቢያ ላይ በባነር ሊሰቅለው ነው። ደስታው ከፊቱ ይፈስ ነበር።

«ቼቺ፣ እርስዎም አሉበት!» አለ በሰው ሁሉ ፊት። «ሦስት! ሁለቱ የሻይ ሰዓት ማስታወቂያ፣ አንዱ ነጠላ ሰረዝ።»

«ነጠላ ሰረዝ ቀላል ነገር መሰለህ?» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቅ።

እነዚያ ሦስቱ አንድ ቀን በሰው ኮምፒውተር፣ ባለቤቱ ስሜን ጽፎልኝ የሠራኋቸው ናቸው። ፕራሳናን ሰር ግድግዳውን አዩ። «ይህን ሁሉ ሠርቻለሁ እንዴ!» አሉ፤ የእውነት ገርሟቸዋል። የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው። ቢዋሹ ይቀለኝ ነበር። ረስተውታል።

ማይኩ ከፊቴ ነበር። ሁለት እርምጃ። አልተነሣሁም። የተነሣሁት በተራዬ፣ ለማመስገን ነው። «ለሰርም ስለ 1,914 ሥራቸው» አልኩ በዚህ አፌ። አጨበጨቡ።

ደንቆሮ! ደንቆሮ ሴት!

ጁላይ 18፣ ሐሙስ

ካርኪዳካም ገባ። ሰማዩ ከቤታችን ጣሪያ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ይመስላል።

ፕራሳናን ሰር የንግግራቸውን ረቂቅ ልተይብ ላኩልኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ዝናባማ ምሽት ከንባብ ቤቱ መስኮት፣ የመጨረሻው ጀልባ ያመለጣት ሴት አየሁ። የመጀመሪያውን መስመር የጻፍኩት ያን ምሽት ነው።»

ሴትዮዋን ያየኋት እኔ ነኝ። ቀይ ባልዲ ይዛ ነበር፤ ባልዲውን ገልብጣ ተቀመጠችበትና አለቀሰች። ባንጋሎር ደውዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሴትዮዋን ወስደው ባልዲውን ተዉልኝ።

ተየብኩት። ሁለት ስህተትም አረምኩለት። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ ስለዚህ ሰው «አሉ» ብዬ አልጽፍም። አለ። አለ። አለ።

ጁላይ 25፣ ሐሙስ

ውኃው መንገድ ላይ ወጣ። ስልኬ ሲጮኽ ዋለ። ኩሪሹፓሊ ማቆሚያ ላይ አርባ ሰው ቀረ፤ ፕሮግራማችን የአሥር ሰዓት ጀልባ አለ ብሎ መልሶላቸዋል፤ ጀልባው ከቆመ አሥር ቀኑ። አንዷ የማታ ተረኛ ነርስ ናት። «ማን ነው ይሄን የሚጽፈው? ጀልባ የሚባል ነገር በዓይኑ አይቶ ያውቃል?» ብላ ላከች።

ኔቪን ደወለ። «ቼቺ፣ ሰዓቶቹን የሚያስገባው ማን ነው? መዝገቡ ሰር ይላል፤ ሰርን ስጠይቃቸው አላውቅም አሉኝ።»

«አስተካክለዋለሁ።»

«እርስዎ?»

ዘጋሁበት።

ኩንጁሞን ቼታ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቅጠል አላመጣም። ይህን ያስተዋልኩት ዛሬ ነው። በባነሩ ነገር ስቃጠል ሰንብቼ።

ጁላይ 26፣ ዓርብ

ደወልኩለት። ሚስቱ አነሣች። የአይጥ ትኩሳት ይዞት አምስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ ትናንት ወጣ። «ማን ልበል?» አለችኝ። «የጀልባው ሰዓት» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

እሱ ተቀበላት። ድምፁ ወረቀት የሚቀደድ ይመስላል። «ጻፊ፣ ሞሌ» አለ። አልጋው ላይ ሆኖ የጀልባዎቹን ጥሩንባ እየሰማ ሲቆጥር ነበር፤ የትኛው እንደቆመ፣ የትኛው እንደዘገየ፣ ሁሉንም ከጥሩንባው ያውቃል። ሃያ ደቂቃ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ሚስቱ ስልኩን ነጠቀችው። «አሁንስ ይተኛ!» ብላ ዘጋችው። የተቆጣች ትመስላለች። እኔ ምን አደረግኳት?

ሰዓቶቹን ሮጬ ንባብ ቤቱ ሳይዘጋ አስገባሁ። በማን ስም? በዚያው ስም። ቁልፎቹን እንደ ሚስማር ነው የመታኋቸው።

ኦገስት 6፣ ማክሰኞ

ባነሩ ታተመ። የፕራሳናን ስም ክንድ ያህላል። የኔን ለማንበብ መንበርከክ ያስፈልጋል።

የምስጋና ዝርዝር ረቂቅ። ማታይ ቼታ ስለ ቁልፉ፣ የአዳራሹ ኃላፊ፣ ወንበር አከራዩ፣ የማይኩ ሠራተኛ፣ ምሳ አብሳዮቹ፣ ባነር አታሚው፣ የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ፣ የጄነሬተሩ ሰውዬ። እንዲህ እያለ አሥራ ዘጠኝ ስም ሞላ። (ኩንጁሞን ቼታ ከመጣ ረድፍ ውስጥ መግባት ስለሚከብደው ከኋላ በርጩማ ይቀመጥለት።) የኔ ስም የለም። አመስጋኝ ራሱን አያመሰግንም። ይህን ሕግ ማን አወጣው?

ኦገስት 10፣ ቅዳሜ

ሁለተኛ ቅዳሜ ነው። ኔቪን «ለበዓሉ ስለምንዘጋጅ የዚህ ወር ስብሰባ ቀርቷል» ብሎ ለሁሉም ልኳል። እኔን ሳይጠይቅ። በአሥራ ሁለት ዓመት አንድም አልቀረም፤ ሙሉ የሥራ ማቆም አድማ በተጠራበት ቀን እንኳ በእግራችን መጥተን ሦስት ሆነን ተሰብስበናል።

ቁልፉን ተቀብዬ ከፈትኩ። «ማን ይመጣል ብለሽ ነው?» አለ ማታይ ቼታ። ሻይ አፈላሁ፣ የሙዝ ጥብስ ገዛሁ።

ሦስት ሰው መጣ። ኩንጁሞን ቼታም ነበር፤ በዱላ፣ ከስቶ፣ ደረጃው ላይ ሁለቴ አርፎ። አንዷ ተማሪ ወረፋን በፕሮግራም እንዴት እንደሚያስተካክሉ አስረዳችን፤ በደንብ አስረዳችን። ኩንጁሞን ቼታ ሁሉንም ሰምቶ «ይሄማ መሳፈሪያው ላይ የኛ ሥራ ነበር፣ አሮጊቶቹን በፊት» አለ። ሳቅን። ከስንት ወር ወዲህ እንዲህ ያለ ስብሰባ አላየሁም። ሲያልቅ አላመሰገንኩም። ማንም ደግሞ የጎደለ ነገር እንዳለ ልብ አላለም።

ኦገስት 21፣ ረቡዕ

ፕራሳናን የተተየበውን ሊወስድ ሱቅ መጣ። ወስኜ ነበር። እጄን ጠረጴዛው ላይ አሳርፌ ጀመርኩ።

«ሰር፣ ፕሮግራሙ በተጻፈበት ዘመን እርስዎ ባንጋሎር ነበሩ።»

«አዎ፣ አቤት የዚያ አገር አየር! ላብ የለ፣ ምን የለ።»

«ንባብ ቤቱ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ ለማለት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን እየቆጠረ ነበር። ጨርሶ አጠፈው። «ሱሎቻና፣ ሁላችንም የሠራነው አይደል? የነፃ ፕሮግራም ውበቱ እኮ ይኸው ነው። ስም ምን ያደርጋል?»

ስም ምን ያደርጋል! ስሙ ክንድ የሚያህል ሰው ነው ይህን የሚለኝ! እንዲህ ያለ ቃል ከሰው አፍ እንዴት ይወጣል? አንድ ሰው ዘጠኝ ዓመት ለፍቶ፣ አንድ ጊዜ ስሜ የት አለ ብሎ ቢጠይቅ፣ እንዲህ ተብሎ ይሸኛል? ምን ዓይነት ልብ ቢኖር ነው?

ሄዶ ጃንጥላውን ረስቶ ተመለሰ። አቀበልኩት። አቀበልኩት!

ኦገስት 23፣ ዓርብ

ወንበር 300። ማይክ ተሞከረ። ኔቪን ድምፁ ዘጋ። ምሳ አብሳዮቹ ሌሊቱን ሲልጡ ያድራሉ። ኦማና «ነገ ሲጥ ልትዪ ነው ወይስ ልትጮኺ?» አለችኝ።

ኦገስት 24፣ ቅዳሜ

ተናገርኩ።

ኦገስት 25፣ እሑድ

ሁሉም እንደ ወረቀቱ ሄደ። ኔቪን እንኳን ደህና መጣችሁ አለ። መልካም ምኞት የሚገልጹት አምስት ነበሩ፣ ስድስት ሆኑ። ፕራሳናን ሃምሳ ደቂቃ ተናገረ፤ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ አዳራሹ ጸጥ አለ። ጨረሰ፣ ተጨበጨበለት፣ ከታች የምሳው ሽታ ወጣ፣ ሦስት መቶ ወንበር በአንድ ጊዜ ጮኸ።

ዝርዝሩን ይዤ ተነሣሁ። አሥራ ዘጠኙንም ስም በችኮላ አነበብኩ፤ ማንም አልሰማም። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍኩት።

«በመጨረሻ የጀልባውን ፕሮግራም የጻፈችውን ሴት አመሰግናለሁ» አልኩ። «ያቺ ሴት እኔ ነኝ።»

ከፊት ያሉት ቆሙ። ከኋላ ያሉት የፊተኞቹ ለምን እንደቆሙ ሊያዩ ዞሩ።

«ኔቪን፣ መዝገቡን ክፈት። ሰር ባንጋሎር በነበሩበት ሁለት ዓመት ከንባብ ቤቱ ኮምፒውተር ስንት ለውጥ ተደርጓል?»

እውነቱን ልናገር፤ ይከፍታል ብዬ አላሰብኩም። ልጁ ግን መድረኩ ላይ ተንበርክኮ ከፈተው። ጣቱ ሲሮጥ አየሁት። «ስምንት መቶ ስድስት» አለ። ከዚያ ማይኩን ተቀበለኝ። «ሁሉም ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ቼቺ… እርስዎ ኖት?»

«የንባብ ቤቱ ኮምፒውተር እስከ ባንጋሎር አይደርስም» አልኩ። «የመጨረሻው ጀልባ ያመለጣት ሴት ደግሞ ቀይ ባልዲ ነበራት። ሰር ያላሉት ስላላዩት ነው።»

ፕራሳናን ከፊት ረድፍ ተነሣ። ፊቱ አመድ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ረቡዕ ነገርኩዎት፤ ወረቀት ይቆጥሩ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀችው ስለ ወረፋ ያስረዳችን ተማሪ ናት። ከዚያ ጭብጨባው መጣ። ሰው ተቀመጠ! ለምስጋና ሰው ሲቀመጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ኔቪን ባነሩ ሥር ቆሞ «እቀይረዋለሁ፣ በእናቴ እቀይረዋለሁ» ይል ነበር። ፕራሳናን ምሳ ሳይበላ ሄደ። ይሂድ።

ኩንጁሞን ቼታን ከኋላ፣ በርጩማው ላይ ሳይሆን ቆሞ ነው ያገኘሁት፤ ጃንጥላውን በብብቱ ይዞ ያጨበጭባል። ወደ ምሳ ስወርድ ጠበቀኝ።

«እንደ ጥሩንባ ነው የተሰማሽው፣ ሞሌ» አለ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ያንቺን ማሽን ለሰው ሁሉ ሳወራ፣ ያንቺ መሆኑን አያምኑኝም ነበር።» ከኪሱ ቅጠል አወጣ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ሰው እየጎተተኝ ነበር።

በሙዝ ቅጠል ላይ ሦስት ዓይነት ጣፋጭ በላሁ። ሰው እየመጣ እጄን ያዘ። ያቺ ነርስ እንኳ መጥታ ነበር፤ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እንደ ሙሽራ ነበርኩ።

ማታ ቦርሳዬን ስገለብጥ ሁለት ወረቀት ወደቀ። አንዱ የኩንጁሞን ቼታ ቅጠል። አንዱ የምስጋናው ዝርዝር። ጎን ለጎን ወደቁ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። የመኪና ማቆሚያው ጠባቂ አለ። የጄነሬተሩ ሰውዬ አለ።

ኦገስት 26፣ ሰኞ

ከሱቅ ወጥቼ ንባብ ቤት ሄድኩ። ኔቪን በራሴ ስም የሚከፈት ቦታ አውጥቶልኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከትናንት ማታ ጀምሮ ኦማናን፣ ድመቷን፣ የሱቁን ባለቤት ሳልጮኽባቸው የቀረ የለም፤ ልጮኽባት የሚገባኝ ሴት ግን በእነሱ ውስጥ የለችም።

ቅጠሉን ዘረጋሁ። ከቼምባካላም የሚነሣው ወደ ስምንት ከአርባ ተመልሷል፤ ጎርፉ እምቦጩን ጠርጎታል። አስገባሁት። ማሽኑ ለውጡ ከማን እንደመጣ ጠየቀ። ኩንጁሞን ብዬ ጻፍኩና ቆምኩ። ቀጣዩን አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሙን አላውቅም።

ደወልኩ። ከኋላ ሞተር ይሰማል።

«ሞሌ! ስምንት ከአርባው ተሳሳተ እንዴ?»

«አይ፣ አልተሳሳተም። ሙሉ ስምዎን ፈልጌ ነው።»

«ምነው፣ ፖሊስ መጣ?» አሉ።

«እዚያ ውስጥ ላስገባው ነው። በጁን ጠይቀውኝ ነበር።»

«ጠየቅሁ እንዴ?» አሉ። መጠየቃቸውን አልረሱትም፤ ድምፃቸው ላይ ነበር። ጀልባው ጥሩንባ ነፋ፣ እስኪያልቅ ጠበቁ። «ኩንጁሞን እናቴ ስታባብለኝ ያወጣችው ነው። ወረቀት ላይ ካሪምፒል ቫርጊስ ዮሐናን ነኝ። ረጅም ነው፤ ካልበቃው ዮሐናን ብቻ በይው።»

«ይበቃዋል።»

«ያንቺስ ገባ?»

«ገባ።»

«እንግዲያው ደህና» አሉ። «ያዢ፣ ገመዱን ልቀበላቸው፤ እነዚህ ልጆች መጣል አይችሉም።»

ጻፍኩት። ሙሉውን። ግን የዛሬው አንድ ብቻ ነው። የቀሩትን ዘጠኝ ዓመት በስማቸው ላስገባ ብል እያንዳንዱ ሰዓት በየትኛው ቀን እንደመጣ ማወቅ አለብኝ፣ ቀኑ ያለው ደግሞ ቅጠሎቻቸው ላይ ነው። ቅጠሎቹ የት እንዳሉ አውቃለሁ። ባለፈው ረቡዕ ፕራሳናንን የሰደብኩበትን ገጽ ገለበጥኩት፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በተንጋደደ እጅ፣ ቼምባካላም፣ ኩሪሹፓሊ፣ ከጎኑ ሰዓት፣ ከላይ ቀን። የጁን 9ኙን ገለበጥኩ። እሱም የሳቸው ነው። ከአልጋዬ ሥር እንዲህ ያለ አሥራ አንድ ደብተር አለ፤ ምሬቴን ሁሉ በሳቸው ጀርባ ላይ ነው የጻፍኩት።

ክሩን በሁለት ዙር ነው የሰፋሁት። መቀሱ አጠገቤ ነው። የምጀምረው ከዚህኛው ደብተር ነው።